ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከሜዳ እስከ ጉባኤ

ይድነቃቸው ተሰማ በተጫዋችነት፣ በአሠልጣኝነትና በስፖርት መሪነት ለኢትዮጵያና ለአፍሪካ እግር ኳስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ ሰው ናቸው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ የካፍ፣ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ኢትዮጵያዊ ስማቸውን ሲሰማ ቀድሞ ትዝ የሚለው የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ይሁንና ትልቁ ሥራቸው የተሠራው በስብሰባ አዳራሽ፣ በደብዳቤ፣ በመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽና በድምፅ መስጫ ወረቀት ነው። ኳስ ሜዳ ላይ እኩል የሚሆነው ሜዳውን የሚያስተዳድረው ሕግ አስቀድሞ እኩል ሲሆን ነው፤ ይድነቃቸው ይህን ከማንም በፊት ተረድተው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ሰው ናቸው።

በአዊ ምድር ለሚኖር ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራ የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በፈረሱ ጉልበትና በጋላቢው ችሎታ ብቻ አይደምቅም። ከጉግሱና ከሽምጡ ጀርባ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ማኅበር አለ፤ ማኅበሩም መሪና ደንብ አለው። ፈረሰኛው ይታያል፣ ይጨበጨብለታል፤ ማኅበሩን ያቆመው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስሙ አይነሣም። በእግር ኳስም እንዲሁ ነው። ጎል ያስቆጠረውን ሁሉም ያውቃል፤ ያ ጎል በዓለም መድረክ እንዲቆጠር በሩን ያስከፈተውን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ችሎታቸው የታወቁ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ የልጅ ኢያሱ ቅርብ ሰው ስለነበሩ የፖለቲካው ነፋስ ሲዞር ብዙ አይተዋል። ልጃቸው ከእሳቸው የወረሱት ትልቁ ሀብት የቃል ችሎታ ነው ማለት ይቻላል። በኋላ በፊፋ ጉባኤዎች ላይ አውሮፓውያን ባለሥልጣናትን ያስቸገረው ያው የአንደበት ስለት ነበርና።

የይድነቃቸው የኳስ ቤት ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ ሠፈር በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አነሣሽነት ሲመሠረት ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የጣሊያን ጦር ዋና ከተማዋን ያዘ። በወረራው ዘመን ነጭና ጥቁር በሕግ ተለያየ፤ መኖሪያው፣ አውቶቡሱ፣ ጨዋታውም ጭምር በዘር ተከፈለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጆችም በጣሊያኖች በተሰጠ ስም፣ ከጣሊያኖቹ ተለይተው እንዲጫወቱ ተደረጉ። ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው። የይድነቃቸው ትውልድ የዘር አጥር ምን እንደሆነ ያወቀው ስለ ደቡብ አፍሪካ ከተጻፈ መጽሐፍ ሳይሆን በገዛ አገሩ መንገድ ላይ፣ በወጣትነቱ ነው። ሰውየው በኋላ በአፓርታይድ ጉዳይ አንድ እርምጃ እንኳ ወደኋላ ያላሉበት ምክንያት ምናልባት ከዚህ ይጀምራል።

ከነጻነት በኋላ እግር ኳሱ እንደገና ነፍስ ዘራ። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች የከተማዋን መልክ ያሳያሉ፦ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ። የኢትዮጵያውያኑ ቡድን አንድ ብቻ ነበር፤ ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ወሰዱ። ይድነቃቸው በዚህ ዘመን የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ሆነው ተጫወቱ፣ ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰለፉ። ገና በተጫዋችነት ሳሉ ወደ አስተዳደሩ ሥራ ገቡ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እየተደራጀ፣ በኋላም የፊፋ አባል እየሆነ ሲሄድ፣ ደንብ የሚጽፉት፣ ደብዳቤ የሚጻጻፉት፣ አገሪቱን ወክለው ጉባኤ የሚቀመጡት እሳቸው ሆኑ።

በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ዳርቻ ተመሳሳይ ትግል ሌላ መልክ ይዞ ይካሄድ ነበር። በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ውስጥ ጥቁር ተጫዋች በትልቁ ሊግ እንዳይሰለፍ የሚከለክል ያልተጻፈ ስምምነት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጸንቶ ነበር። ይህን የሰበረው የብሩክሊን ዶጀርስ ሥራ አስኪያጅ ብራንች ሪኪ ነው። ሪኪ ቀደም ሲል በሴንት ሉዊስ ሳለ ታዳጊዎችን በትናንሽ ቡድኖች እያሳደገ ወደ ዋናው የሚያመጣበትን ሥርዓት የዘረጋ የአስተዳደር ሊቅ ነበር። ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈርሞ በ1939 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ወደ ሜዳ ሲያስገባው አሜሪካ ተናወጠች። ሪኪና ይድነቃቸው አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ሁለቱም የጨዋታ አስተዳዳሪ ሆነው የዘር አጥርን ተጋፍጠዋል። የሚለያቸው ደግሞ ይበልጣል። ሪኪ ገንዘቡና ሥልጣኑ በእጁ ነበር፤ በራሱ ክለብ በር ላይ የተዘጋውን ቁልፍ ራሱ ከፈተ። ይድነቃቸው ግን ቁልፉ ሌሎች እጅ ነበር፤ ያላቸው መሣሪያ ድምፅ ብቻ፣ ያውም መጀመሪያ ላይ ከጣት ቁጥር የማይበልጥ ድምፅ ነበር።

ካፍ የተወለደው በእንዲህ ያለ ጥቂትነት ነው። በ1948 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ በሊዝበን በተካሄደው የፊፋ ጉባኤ ወቅት የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች በአንድ ሆቴል ተገናኝተው የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም ተማከሩ። ምክሩ ሥጋ የለበሰው የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ነው። በጉባኤው ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ተቀመጡ፤ ከኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። አብዛኛው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት ውስጥ ስለነበር የአህጉሩ ማኅበር በአራት አገሮች መጀመሩ አያስገርምም። የሚያስገርመው ገና በተወለደበት ሳምንት የገጠመው ፈተና ነው።

በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊካሄድ ተዘጋጅቷል። በግማሽ ፍጻሜው ግብፅ ከሱዳን፣ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ እንዲጫወቱ ተመድቧል። የደቡብ አፍሪካው ተወካይ ፍሬድ ፌል አገራቸው ወይ ሙሉ በሙሉ ነጭ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቡድን እንደምትልክ፣ ነጭና ጥቁር ተጫዋች በአንድ ማልያ ማሰለፍ ግን የመንግሥታቸው ሕግ እንደማይፈቅድ አስታወቁ። ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። የካቲት 9 ቀን በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ያስቆጠረው አድ ዲባ የተባለ አጥቂ ነበር። በኳሱ ሚዛን ኢትዮጵያ ተሸንፋለች። በታሪክ ሚዛን ግን በዚያ ሳምንት የተደረገው ትልቅ ነገር ነው። የአፓርታይድ መንግሥት ገና በዓለም አደባባይ በወዳጅነት በሚታይበት ጊዜ፣ በሦስት አገሮች የቆመ አንድ ጨቅላ ማኅበር በሩን ዘጋበት። የተባበሩት መንግሥታት የስፖርት ማዕቀብ ጉዳይ ገና በአጀንዳነት እንኳ አልቀረበም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው አምስት ዓመት የመማሪያ ጊዜ ነበር። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተካሄደው ሁለተኛው ውድድር ኢትዮጵያ በድጋሚ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ ሱዳንም 1 ለ 0 ረታቻት። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ ይድነቃቸው የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ።

ውድድሩ ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የጥምቀት ሰሞን ነው። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ጨዋታ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር በተመለሱ ማግሥት፣ ጥር 13 ቀን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ለፍጻሜ የቀረበችው ያችው ሁለት ጊዜ ያሸነፈችው ግብፅ፣ ያኔ በተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ስም፣ ነበረች። የግብፁ ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ አስቆጠረ። ኢትዮጵያ እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ እየተመራች ቆይታ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በቀጣዩ ደቂቃ ባዳዊ ሁለተኛውን ጨመረ። ተስፋ በሚቆረጥበት ሰዓት፣ በ84ኛው ደቂቃ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው።

ስለዚያ ቡድን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የቫሳሎ ወንድማማቾች የአሥመራ ልጆች፣ በአባታቸው በኩል የጣሊያን ደም ያላቸው ነበሩ። መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአንድ ማልያ ሊሰለፉ አይችሉም ያለቻቸው ዓይነት ሰዎች በአዲስ አበባ አንድ ማልያ ለብሰው የአህጉሩን ዋንጫ አነሡ። ይድነቃቸው በካርቱም በደንብ አንቀጽ የተከራከሩለትን ነገር አዲስ አበባ ላይ ቡድናቸው በሜዳ አሳየው። በእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ሐሳብና ውጤት እንዲህ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አሠልጣኙ በዚያ ድል ላይ ማረፍ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ዓለም ዋንጫ አዞሩ። እስከዚያ ድረስ በዓለም ዋንጫ የተጫወተች ብቸኛ የአፍሪካ አገር ግብፅ ነበረች፤ እሱም በ1926 ዓ.ም. ነው። በ1956 ዓ.ም. ፊፋ ለ1958ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ የቦታ ድልድሉን አወጣ። ከአሥራ ስድስቱ ቦታዎች አሥሩ ለአውሮፓ፣ አራቱ ለደቡብ አሜሪካ፣ አንዱ ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ተሰጠ። የቀረችውን አንዲት ቦታ አፍሪካ፣ እስያና ኦሽንያ በሙሉ ተሻምተው እንዲወስዱ ተወሰነ። ይህም ማለት የአፍሪካ አሸናፊ በአህጉሩ ማጣሪያ ካሸነፈ በኋላ እንኳ እንደገና ከእስያው አሸናፊ ጋር መጫወት ነበረበት ማለት ነው። በዚያ ላይ ደቡብ አፍሪካ በእስያ ምድብ ውስጥ ገብታ እንድትወዳደር ተደርጓል።

ይድነቃቸውና የጋናው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃን ይህን ድልድል በጽሑፍ ተቃወሙ። መከራከሪያቸው ሁለት ነበር። አንደኛው የፍትሕ ነው፤ የአንድ አህጉር ሻምፒዮን ቀጥታ ቦታ ይገባዋል። ሁለተኛው የኪስ ነው፤ ገና ነጻ የወጡ ፌዴሬሽኖች ቡድን ከአህጉር አህጉር እያመላለሱ ማጣሪያ ለማጫወት አቅም የላቸውም። ፊፋ አልሰማም። ለማጣሪያው የተመዘገቡት አሥራ አምስት የአፍሪካ አገሮች በአንድነት ወጡ። ፊፋ ቅጣት ጣለባቸው፤ እነሱ ግን ከአቋማቸው አልተመለሱም። በባዶው ቦታ ሰሜን ኮርያ ገብታ ጣሊያንን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ዓለም ተደነቀ። የዚያ ውድድር ከፍተኛ ጎል አግቢ፣ በዘጠኝ ጎል፣ በሞዛምቢክ ተወልዶ ለፖርቱጋል የተጫወተው ኤውሴቢዮ ነበር። አፍሪካ በሌለችበት የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ ልጅ ነገሠ።

አድማው ፍሬ አፈራ። ለ1962ቱ የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቀጥታ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሄዳ ከቡልጋርያ አቻ ወጣች። አንድ ቦታ ለመላው አህጉር በጣም ጥቂት ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበረው ግማሽ እንኳ አልነበረም፤ የተገኘችውም በልመና ሳይሆን በአንድነት በተደረገ እምቢታ ነው። አንድም አገር ከሰልፉ ወጥቶ ለብቻው ዕድሉን አለመሞከሩ ከውጤቱ ይልቅ የሚደንቅ ነገር ነው። የአፍሪካ መንግሥታት በሌላ ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ አንድነት ያሳዩበትን ጊዜ መቁጠር ይከብዳል።

የደቡብ አፍሪካው ክርክር በዚህ ሁሉ መካከል አላቆመም። ፊፋ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ የደቡብ አፍሪካን ፌዴሬሽን አግዶ ነበር። የፊፋው ፕሬዚዳንት፣ እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ፣ በ1955 ዓ.ም. ወደዚያ ሄደው ሲመለሱ እገዳው ተነሣ። የራውስ አቋም ስፖርትና ፖለቲካ አይደባለቁም የሚል ነበር። የይድነቃቸው መልስ ደግሞ በጥቂት ቃል ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ተጫዋችን በቆዳ ቀለሙ የሚመርጥ መንግሥት ፖለቲካውን አስቀድሞ ሜዳ አስገብቶታል፤ ካፍ የሚጠይቀው እንዲወጣ ነው። በ1957 ዓ.ም. መስከረም በቶክዮ በተደረገው ጉባኤ፣ አዳዲስ የአፍሪካ አባላት ድምፃቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ደቡብ አፍሪካ እንደገና ታገደች። ከእንግዲህ ጉዳዩን በሥራ አስፈጻሚ ውሳኔ ብቻ መቀልበስ የማይቻል ሆነ።

ይድነቃቸው ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት በ1964 ዓ.ም. ነው። ከእሳቸው በፊት ካፍን ሁለት ግብፃውያንና አንድ ሱዳናዊ መርተውታል። አራት ሆኖ የተጀመረው ማኅበር በዚህ ጊዜ አባላቱ ከሠላሳ በላይ ደርሰዋል። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ፌዴሬሽን አንድ ድምፅ ነው፤ የእንግሊዝ ድምፅና የቡሩንዲ ድምፅ እኩል ይቆጠራል። ይድነቃቸው ይህን አንቀጽ እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠበቁት። ካፍ ሀብት አልነበረውም፣ የታወቀ ሊግም አልነበረውም፤ ያለው አብረው የሚቆሙ ሠላሳ ምናምን ድምፆች ብቻ ናቸው። መሪው ሥራዬ ብለው የያዙት ድምፆቹ እንዳይበታተኑ መጠበቅን ነው።

ጥቅሙ የታየው ሰኔ 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ነው። በዚያ ዕለት ለፊፋ ፕሬዚዳንትነት ራውስና ብራዚላዊው ዣው ሃቬላንዥ ተወዳደሩ። ሃቬላንዥ የዓለም ዋንጫውን ተሳታፊ ቁጥር ከፍ ለማድረግና ደቡብ አፍሪካን ከፊፋ ለማራቅ ቃል ገብተው አፍሪካን ዞረው ነበር። በሁለተኛው ዙር 68 ለ 52 አሸነፉ። ከአውሮፓ ውጭ የሆነ ሰው ፊፋን ሲመራ የመጀመሪያው ነው፤ ያለ አፍሪካ ድምፅም አይሆንም ነበር። ቃሉም ተፈጸመ። በ1969 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በቱኒዝያ ተዘጋጀ፤ በ1974 ዓ.ም. በስፔን የተካሄደው የዓለም ዋንጫ ሃያ አራት አገሮችን ሲያሳትፍ ለአፍሪካ ሁለት ቦታ ተሰጠ። አልጄርያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች፣ ካሜሩን ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጥታ ሳትሸነፍ ተመለሰች። ቦታ ቢሰጣቸው ምን ያደርጋሉ ለሚሉት የተሰጠ መልስ ነበር።

በኦሎምፒኩም በኩል ይድነቃቸው ተመሳሳይ መንገድ ሄዱ። በ1960 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪካን ለሜክሲኮ ሊመልሳት ሲወስን የአፍሪካ አገሮች እንደማይሄዱ አስታወቁ፤ ኢትዮጵያ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ነበረች። ውሳኔው በሁለት ወር ውስጥ ተቀለበሰ፤ ኢትዮጵያ ሄደች፣ ማሞ ወልዴም የማራቶን ወርቅ ይዞ ተመለሰ። ይድነቃቸው ራሳቸው የዚያ ኮሚቴ አባል ሆነው በገቡበት በ1964 ዓ.ም.፣ በነሐሴ ወር፣ ኮሚቴው የሮዴዥያን የዘረኛ መንግሥት ቡድን ከሙኒክ ኦሎምፒክ በ36 ለ 31 ድምፅ አስወጣ። በአምስት ድምፅ ልዩነት ማለት ነው።

ሞንትሪያል ግን ዋጋ አስከፈለች። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በአንዲት ከተማ፣ በተመሳሳይ ቀናት፣ ሁለት ነገር ሆነ። የፊፋ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ሙሉ በሙሉ አሰናበተ፤ ካፍ ከካርቱም ጀምሮ የተሟገተለት ጉዳይ ተፈጸመ። በማግሥቱ ግን የኦሎምፒኩ በር ሲከፈት አፍሪካ በአብዛኛው አልነበረችም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን በመጎብኘቱና ኦሎምፒክ ኮሚቴው ኒውዚላንድን ባለማገዱ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ አገሮች ወጥተው ነበር። ምሩጽ ይፍጠር በጉልበቱ ሙሉ በነበረበት ዓመት ሳይሮጥ ቀረ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ማግኘቱ የጠፋውን አይመልስም። የፀረ አፓርታይዱ ትግል ታሪክ ሲጻፍ የአትሌቶቹ መሥዋዕትነት ከመሪዎቹ ክርክር እኩል መጻፍ አለበት፤ ዋጋውን በእግራቸው የከፈሉት እነሱ ናቸውና።

በካፍ ውስጥ የተሠራው ሥራ በአንጻሩ ብዙ ጫጫታ የለውም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና በተጨማሪ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ በ1967 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የወጣቶች ውድድርም ተከተለ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሄደ። አብዮቱ በተፋፋመበት፣ ከተማዋ በውጥረት ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ስምንት ብሔራዊ ቡድኖችን ተቀብሎ ውድድሩን መጨረስ ቀላል አልነበረም። ሞሮኮ ዋንጫውን ወሰደች።

ይድነቃቸውን በመጨረሻ ዓመታቸው እጅግ ያሳሰባቸው ጉዳይ የተጫዋቾች ፍልሰት ነው። ካፍ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ ውጭ አገር የሚጫወት ተጫዋች እንዳያሰልፍ ወስኖ ነበር። ደንቡ የአገር ውስጥ ሊጎች ባዶ እንዳይቀሩ የታሰበ ነው። ይድነቃቸው አፍሪካ ተጫዋች አሳድጋ ለሌላው የምትሸጥ የጥሬ ዕቃ ገበያ እንዳትሆን ይሟገቱ ነበር፤ ማስታወቂያና ንግድ ጨዋታውን እንዳይገዛውም ይሰጉ ነበር። ደንቡ በ1974 ዓ.ም. ተነሣ። በዚህ ጉዳይ መሸነፋቸው ግልጽ ነው፤ መሸነፋቸውም የማይቀር ነበር፤ አንድ ወጣት የተሻለ ደመወዝ ወደሚያገኝበት እንዳይሄድ በደንብ ማገድ አይቻልም፤ ፍትሐዊም አይደለም። ሥጋታቸው ግን አልተሳሳተም። የአፍሪካ ከዋክብት በአውሮፓ ሲያበሩ በየአገሩ ያለው ሊግ ተመልካቹን እያጣ ሄዷል። በአዲስ ቅዳም፣ በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆች በየቤቱና በየሻይ ቤቱ የሚከተሉት የእንግሊዝን ሊግ መሆኑ ለዚህ ማስረጃ ነው።

የአገር ቤቱ እግር ኳስ ዕጣ ደግሞ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያሳዝነው ክፍል ነው። ኢትዮጵያ በ1960 ዓ.ም. ራሷ ባዘጋጀችው ውድድር አራተኛ ወጣች፤ ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ግን እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ለአፍሪካ ዋንጫ ሳትደርስ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆየች። የአህጉሩን እግር ኳስ ያቆመ ሰው ያፈራች አገር የራሷን ማቆም አቃታት። ጥፋቱን ሁሉ በእሳቸው ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ጦርነት፣ ድህነት፣ የክለቦች አደረጃጀት በየመንግሥቱ መለዋወጥ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይሁንና ጉባኤውን ያሸነፈ አመራር የታዳጊ ማሠልጠኛውን፣ የወረዳውን ሜዳና የአሠልጣኙን ትምህርት ካላሸነፈ ድሉ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ብራንች ሪኪ አስቀድሞ የገነባው ያንን የታችኛውን እርከን ነበር።

ይድነቃቸው ተሰማ ታመው ቆይተው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ስድሳ ስድስተኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ጥቂት ሳምንታት ቀርቷቸው ነበር። በሁለት መንግሥታት ሥር አገልግለዋል፤ ሁለቱም መንግሥታት በውስጥ ጉዳይ እጅግ ቢለያዩም በእሳቸው የአፍሪካ አቋም ላይ አልተለያዩም። ካፍን ለጥቂት ወራት ሱዳናዊው ዶክተር አብደል ሐሊም ሞሐመድ በጊዜያዊነት ከመሩት በኋላ በ1980 ዓ.ም. የካሜሩኑ ኢሳ ሐያቱ ተመረጡ።

የተከሉት ዛፍ ያፈራው ከእሳቸው በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. የአፓርታይድ ሕጎች ሲፈርሱ ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን በገዛ ሜዳዋ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ማልያ አሰልፋ አነሣች፤ በካርቱም በ1949 ዓ.ም. አላደርግም ያለችውን አድርጋ ማለት ነው። በዓለም ዋንጫ የአፍሪካ ቦታ በ1986 ዓ.ም. ወደ ሦስት፣ በ1990 ዓ.ም. ወደ አምስት ከፍ አለ። በ2015 ዓ.ም. ሞሮኮ የግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። በ1958 ዓ.ም. አንዲት ሙሉ ቦታ ለተከለከለው አህጉር፣ ለ2018ቱ ውድድር የተመደበለት ቀጥታ ቦታ ዘጠኝ ነው።